ስውር መቃብሮች

በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ቦታ መሬት ተቆፍሯል። ደርግ ከወደቀ ገና አጭር ጊዜው ነበር። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በከርቸሌ ወኅኒ ቤት፣ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ የቀድሞ መኖሪያ ውስጥ ዶማና አካፋ ወረደ። ከጉድጓዶቹም የአንድ ንጉሠ ነገሥት፣ የአንድ ፓትርያርክ፣ የሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ የጄኔራሎች፣ የመሳፍንትና የአንድ ቄስ ዐፅም ወጣ። ሁሉም በስውር የተገደሉ፣ በስውርም የተቀበሩ ነበሩ።

በኢትዮጵያ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቀዋል። መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። ክርስቲያን ከሆነ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፣ አርባና ሰማንያው ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሙስሊም ከሆነ ሬሳው ታጥቦና ተገንዞ፣ ተሰግዶበት ሳይውል ሳያድር ወደ መቃብር ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከሬሳው ነው። ሬሳ የሌለበት ቤት ልቅሶ መቀመጡ ይቸግረዋል፤ ማልቀስ ሟርት ይመስለዋል፣ አለማልቀስ ደግሞ ክህደት ይሆንበታል። እርሙን ሳያወጣ አሥርና ሃያ ዓመት የሚቀመጥ ቤተሰብ የበር ኳኳታ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል።

በኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ የታወቁ ግድያዎችን የፈጸሙ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ከግድያው ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ መቃብሩን መሰወር ነበር። መቃብር ካለ ለቀስተኛ ይኖራል፤ ለቀስተኛ ካለ ደግሞ ሰውየውን ማን እንደገደለውና ለምን እንደገደለው መጠየቁ አይቀርም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው፣ በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። ይፋ የሆነው መግለጫ ሞታቸውን ቀደም ሲል ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሬሳቸውን አላየም። ፍትሐት አልተደረገም፤ የት እንደተቀበሩም የተናገረ አልነበረም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ያህል በአልጋ ወራሽነትና በንጉሠ ነገሥትነት አገር የመሩ ሰው መቃብር አልባ ሆኑ።

ዐፅማቸው የተገኘው በየካቲት 1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከኮንክሪት ወለል ሥር ነው። የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱበት የልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ ንጉሠ ነገሥቱ ታፍነው መገደላቸውን ይዘረዝራል። ዐፅሙ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ቀብሩ አልተፈጸመም። የዳግማዊ ምኒልክ መቃብር ባለበት በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከስምንት ዓመት በላይ በሣጥን ቆየ። በመጨረሻ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ከበዓታ ወጥቶ በከተማው ታጅቦ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄደ። የጊዜው መንግሥት ሥርዓቱ የመንግሥት ቀብር ተብሎ እንዲጠራ አልፈቀደም። ያም ሆኖ ያረጁ አርበኞች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ከጃማይካ የሙዚቀኛው ቦብ ማርሌ ባለቤት ሪታ ማርሌ ተገኘች። ዛሬ ንጉሡና ባለቤታቸው እቴጌ መነን በካቴድራሉ ውስጥ ጎን ለጎን፣ የአክሱም ቅርጽ በሚያስታውሱ ትልልቅ የድንጋይ ሣጥኖች ውስጥ ያርፋሉ። ካቴድራሉን ያሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ስፍራውንም ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ማረፊያ አስበውት ነበር። ካሰቡበት ቦታ ለመድረስ ከሞቱ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ፈጀባቸው።

ስለ ንጉሡ የሚኖረን ፍርድ ምንም ይሁን ምን፣ በስምንት ዓመቱ መጓተት ላይ አንድ ነገር ማለት ይገባል። መንግሥት የሟችን ዘመን ሊተችና ሊኮንን ይችላል። የተገደለን ሰው ዐፅም በቀብርና ባለመቀበር መካከል አንጠልጥሎ ማቆየት ግን ከገዳዮቹ ሥራ ላይ መጨመር ነው።

ከቅድስት ሥላሴ ሳንወጣ ደርግ በአንድ ሌሊት ያስገደላቸውን የስድሳዎቹን ጉዳይ እናንሣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ያን ምሽት በታላቁ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ታስረው የነበሩ ባለሥልጣናት እየተጠሩ ወጡና ወደ ከርቸሌ ተወሰዱ። ክስ አልተነበበላቸውም፣ ዳኛ ፊት አልቀረቡም። ሌሊቱን በጥይት ተደብድበው በዚያው ግቢ በጅምላ ተቀበሩ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ዜናውን ከሬዲዮ ሰማ። ከሟቾቹ መካከል ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺ፣ ሌተናል ጄኔራል አብይ አበበ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኛሉ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተናል ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ደግሞ በዚያው ቀን ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ተገድለው ከስድሳዎቹ ጋር ተቆጠሩ።

ቤተሰቦቻቸው አሥራ ሰባት ዓመት ጠበቁ። ዐፅሙ ከከርቸሌ ወጥቶ በ1984 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ በክብር ዐረፈ፤ በቅጥር ግቢውም መታሰቢያ ቆመላቸው። የጅምላ ጉድጓዱ ግን አንድ ነገር ለዘለቄታው ወስዷል። በአንድ ላይ ተጥለው የኖሩትን አጥንቶች ይህ የእገሌ ነው፣ ያ የእገሌ ነው ብሎ መለየት ከባድ ነው። በሕይወት ሳሉ በፖለቲካ የማይስማሙ፣ ሽበት የወረሳቸው መሳፍንትና ወጣት መኰንኖች በአንድ መታሰቢያ ሥር ሆነዋል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ የነበረበት ስፍራም የራሱ ታሪክ አለው። ከርቸሌ፣ በተለይም ዓለም በቃኝ የተባለው ክፍሉ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን እስረኞች የታጎሩበት፣ በንጉሡ ዘመን ተቃዋሚዎች የተጣሉበት፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው የተሠቃየበት ቦታ ነው። ወኅኒ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ቻይና ለአፍሪካ ኅብረት ያሠራችው 99.9 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ዛሬ የአህጉሪቱ መሪዎች የሚሰበሰቡት እኒህ ሰው በተገደሉበትና መጀመሪያ በተጣሉበት ምድር ላይ ነው። ኅብረቱ በዚሁ ስፍራ የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲኖር ወስኗል። ውሳኔው በጎ ነው። ለስብሰባ ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያየው፣ ስም የተጻፈበት፣ ታሪኩን የሚናገር መታሰቢያ እስኪሆን ድረስ ግን ከርቸሌ ተገቢውን አገኘ ማለት አይቻልም።

ከስድሳዎቹ አንዱ የሆኑት ራስ አሥራተ ካሣ ሲገደሉ ቤታቸው በደርግ እጅ ገባ። ያ ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ የግድያ ስፍራ ሆነ።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ተሽረው ታሰሩ። ያለ ደርግ ፈቃድ ሦስት ጳጳሳት መሾማቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ደርግ በምትካቸው ሌላ ፓትርያርክ እንዲሾም አደረገ። የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም በሚለው ሥርዓት ጸንታ አዲሱን ሹመት አልተቀበለችም። በዚህ ጊዜ የአቡነ ቴዎፍሎስ መኖር ወይም መሞት የቀኖና ጥያቄ ሆነ። ደርግ ጥያቄውን በዝምታ አለፈው። ፓትርያርኩ በ1971 ዓ.ም. በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ታንቀው ተገድለው እዚያው ተቀብረው ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ደብዳቤ ሲጻጻፉ፣ ምእመናን በጸሎት ሲያስቧቸው፣ እሳቸው አፈር ውስጥ ነበሩ።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ካለው ቤተ ክርስቲያናቸው የማታ አገልግሎት ፈጽመው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ነበሩ፤ እሳቸው ከመኪናው ተጥለው ቀሩ፣ በኋላም ራሳቸው ለረጅም ዓመታት ታሰሩ። ቄስ ጉዲና ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታስረው የተፈቱ ሰው ነበሩ። ከአገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው መክረዋቸው እንቢ ብለዋል። በተያዙበት ሌሊት በዚያው በራስ አሥራተ ግቢ በገመድ ታንቀው ተገደሉ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ግን መሞታቸውን በእርግጥ ያወቁት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አንድ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክና አንድ የወንጌላውያን ቄስ፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ግቢ። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጉባኤ የሚያገናኛቸው አጋጣሚ ጥቂት በነበረበት ዘመን ደርግ በአንድ ምድር ቀበራቸው። በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ወጥቶ በየቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ተቀበሩ። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐርፈዋል። እሳቸው ከሾሟቸው ከሦስቱ ጳጳሳት አንዱ የሆኑት፣ ለዓመታትም የታሰሩት አቡነ ጳውሎስ፣ በዚያው በ1984 ዓ.ም. ክረምት አምስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ።

እስካሁን የተነሡት ስማቸው የታወቀ፣ ከመጥፋታቸውም በፊት ታሪክ የመዘገባቸው ሰዎች ናቸው። ቆፋሪ የሚልክላቸው ወገንም ነበራቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ያለቁት ወጣቶች ግን አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የቀበሌ ልጆች ነበሩ። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ሜይ ዴይ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ሌሊት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በአዲስ አበባ ተገድለዋል። ሬሳቸው አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ውሏል፤ በአንዳንዶቹም ላይ አብዮቱ ጠላቱን እንደሚመታ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፏል። እናቶች በምኒልክ ሆስፒታል የሬሳ ክፍል በር ተኮልኩለው፣ ተራቸው ሲደርስ ሬሳ እያገላበጡ ልጃቸውን ይፈልጉ ነበር። ያገኘው ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። ማልቀስ፣ ጥቁር መልበስ፣ ድንኳን መጣል በፀረ አብዮተኛነት ያስጠረጥራል። ያላገኘው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገም ተመልሶ ይመጣል።

እነዚህን ሰዎች ለመፈለግ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ጠራ። ቡድኑ በገዛ አገሩ በወታደራዊ መንግሥት የተሰወሩ ሰዎችን ዐፅም ፈልጎ በማውጣት የሠለጠነ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ የጅምላ መቃብሮችን ሲከፍት፣ በአንገት አጥንቶች ላይ እንደተጠመጠመ የቀረ የናይለን ገመድ አገኘ። ሥጋው አፈር ሆኖ፣ ልብሱ በስብሶ፣ ናይለኑ ግን አልበሰበሰም። ገዳዮች ጥይት ላለማባከን ወይም ድምፅ ላለማሰማት የመረጡት ገመድ ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረባቸው።

የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎችንም በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። መጀመሪያ የተወሰነው የዕድሜ ልክ እስራት ነበር፤ በይግባኝ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ፍርድ ከፍ አለ። ኮሎኔሉ ዚምባብዌ ናቸው፤ እስር ቤት በነበሩት ላይ የተወሰነው የሞት ፍርድም በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ያን ሁሉ ዓመት ዳኞች ፊት የቀረበው የሰነድ ክምር፣ የግድያ ትዕዛዙ፣ የስም ዝርዝሩ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ገዳዮቹ ራሳቸው የጻፉት ነበር። ሥርዓቱ ሬሳ ይሰውር እንጂ ወረቀት አይጥልም ነበር።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። በደጃፉ ላይ ሦስት ሴቶች የቆሙበት ሐውልት አለ። ውስጥ ገብቶ እስከ መጨረሻው ክፍል የዘለቀ ጎብኚ ከመስታወት ኋላ በየመደርደሪያው የተደረደረ የራስ ቅልና አጥንት ያያል። አጠገቡ ከጉድጓድ የወጣ ጫማ፣ ሸሚዝ፣ መነጽር፣ ገመድ አለ። ግድግዳው በፎቶግራፍ ተሸፍኗል፤ አፍሮ የተበጠሩ ልጆች፣ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የለበሱ፣ ለመታወቂያ የተነሡ ጉርድ ፎቶዎች። ብዙ ጊዜ የሚያስጎበኙት ራሳቸው ከእስርና ከግርፋት የተረፉ ሰዎች ናቸው።

ዐፅምን በመስታወት አሳይቶ ማቆየት ተገቢ ነው ወይ የሚል ጥያቄ የሚያነሡ አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሃይማኖቱም ባህሉም ሙታን አፈር እንዲለብሱ ያዛል። ሌላው ወገን ደግሞ አጥንቱ ካልታየ የሚክድ ይነሣል ይላል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ማንነቱ የተለየ ዐፅም ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ መቀበር አለበት፤ ለምስክርነት ገመዱ፣ ጫማውና ፎቶግራፉ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ ያ መደርደሪያ ለብዙ እናቶች ብቸኛው የልጃቸው መቃብር ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭም እንዲህ ያሉ መታሰቢያዎች አሉ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን በአውሮፕላን የተደበደበችው የትግራይዋ ሓውዜን ለሟቾቿ ሐውልት አቁማለች። በዚያ የሞቱት ለሽያጭና ለሸመታ ከየገጠሩ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ።

ስውር መቃብር በደርግ አልተጀመረም። ራስ አሥራተ ካሣን ደርግ ከመግደሉ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.፣ ሦስት ወንድሞቻቸውን ደጃዝማች ወንድወሰንን፣ ደጃዝማች አበራንና ደጃዝማች አስፋ ወሰንን የፋሺስት ጣሊያን ጦር ገድሏቸዋል። አበራና አስፋ ወሰን በሰላም እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ነው ፍቼ ላይ የተገደሉት። ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ሬሳን ሁለት ዓይነት ይይዙት ነበር። ለማስፈራራት ሲፈልጉ በአደባባይ ያሳዩታል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይሰውሩታል።

የሁለተኛው ትልቁ ምሳሌ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በጣሊያኑ እንደራሴ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ የፋሺስት ፓርቲ ሹም ለሦስት ቀን እንደፈለጉ እንዲያደርጉ ለጣሊያኖች ፈቃድ ሰጠ። ቤቶች ሰው ውስጣቸው እንዳለ ተቃጠሉ። ሬሳ በጭነት መኪና እየተጋዘ በጅምላ ጉድጓድ ተጣለ፤ ቤንዚን እየተርከፈከፈበትም ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ አስመዝግቧል። በጉዳዩ ላይ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ በከተማዋ የሞቱትን ወደ 19 ሺህ ያደርሳቸዋል። በየትኛውም ቁጥር ብንሄድ፣ ስማቸው ተጽፎ መቃብራቸው የሚታወቀው ኢምንት ናቸው።

መቃብራቸውን የሚተካው በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የቆመ ሲሆን፣ የቀረጹት የዩጎዝላቪያ ቀራፂያን አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ወደ ላይ የሚያየው ሰው ረጅሙን ዐምድ ያያል። ታሪኩ ያለው ግን ከታች ነው። ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጹት ምስሎች ላይ የወደቁ ሰዎች፣ የሚያነቡ ሴቶች፣ የተነሡ ክንዶች ይታያሉ። በታክሲ የሚያልፍ አያየውም፤ ወርዶ በእግር መዞር ያስፈልጋል።

በዚያው በ1929 ዓ.ም.፣ ግንቦት 13 ቀን፣ በደብረ ሊባኖስ ገዳም የተፈጸመው ግድያ የገዳዩ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚታመን ያሳያል። መነኮሳቱና ለበዓል የመጡ ምእመናን በጄኔራል ማለቲ ወታደሮች ተይዘው፣ በጭነት መኪና ተጭነው፣ ላጋ ወልዴ በተባለ ስፍራ በመትረየስ ተገደሉ። ዲያቆናቱ ደግሞ ከቀናት በኋላ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ያስታወቀው የሟች ቁጥር በድምሩ አምስት መቶ እንኳን አይሞላም። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በ1980ዎቹ በአካባቢው እየዞሩ የዓይን ምስክሮችን ጠይቀው፣ የግድያ ስፍራዎቹን አይተው የደረሱበት ግምት ከ1,423 እስከ 2,033 ነው። ልዩነቱን ያወጡት ያኔ ልጆች የነበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ጥናቱ አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ አብዛኞቹ አይገኙም ነበር።

በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት፣ ዋሻው ራሱ መቃብር ነው። የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. አርበኞች፣ ቁስለኞች፣ አዛውንት፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት። ከመታፈን ያመለጡት ወንዶች እጃቸውን ሰጥተው ወጡ፤ ገደል አፋፍ ላይ ተረሸኑ። የአካባቢው ሕዝብ ይህን ለልጆቹ ሲናገር ኖሯል። ከክልሉ ውጭ ያለው ዓለም ያወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በሮም መዝገብ ቤት ያገኘውን ሰነድ ይዞ ዋሻው ድረስ ከመጣ በኋላ ነው። ቀጥሎም የስፔንና የኢትዮጵያ አርኪዮሎጂስቶች ገቡበት። በጨለማው ውስጥ የሰው ዐፅም፣ የእህል ማስቀመጫ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የልብስ ቁራጭ፣ የጥይት ቀለህ አሁንም በቦታው ነበር። ዋሻው ደረቅ ስለሆነ ቅርጫቱ እንኳን አልበሰበሰም። ስንቅ ይዘው የገቡ ሰዎች ረጅም ጊዜ ለመቆየት አስበው እንደነበር ዕቃው ይናገራል። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስትሯ ለፓርላማ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ዘረት ላይ ከደረሰው ሃምሳ ሰባት ዓመት በኋላ።

ግራዚያኒ ራሱ የተቀበረው በሮም አቅራቢያ በምትገኝ አፊሌ በተባለች ከተማ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ 19 ዓመት ቢፈረድበትም ክሱ ከናዚዎች ጋር ስለመተባበሩ እንጂ ስለ አዲስ አበባና ስለ ደብረ ሊባኖስ አልነበረም፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በሕዝብ ገንዘብ፣ በ127 ሺህ ዩሮ፣ መታሰቢያ ሠራችለት። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃውሞ አሰሙ፤ ጉዳዩም በጣሊያን ፍርድ ቤቶች ሲንከባለል ቆየ። ለገዳዩ መታሰቢያ የሚሆን ገንዘብ ሲገኝ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ ያለቁትን ሰዎች ስም የሰበሰበ የጣሊያን መንግሥት ተቋም የለም። ይህ ነውር ነው፤ ለዘብ ያለ ቃል አይገባውም።

መቃብር ሳይኖር ሐውልት ብቻ የሚኖርበት ጊዜም አለ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጣሊያን አልገዛም፣ ሕዝቡም እንዳይገዛ ገዝቻለሁ በማለታቸው አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ጣሊያኖች ሬሳቸውን ለሕዝቡ አልሰጡም። ስለዚህ ሕዝቡ የሚያውቀው መቃብር ሐውልታቸው ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ሐውልቱ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሲወሰድ ብዙ ሰው ቆሞ አለቀሰ፤ አይመለስም ብሎ የፈራም ብዙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ባቡሩ ዛሬ ከሥሩ ያልፋል።

ሐውልትም መቃብርም የሌላቸው አሉ። ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ባሳተመ በወራት ውስጥ ከሥራ ተባረረ፣ መጽሐፉም ታገደ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው በቃሊቲ መንገድ ዳር ተገኘች። በ1984 ዓ.ም. እነዚያ ሁሉ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ከአንዳቸውም የበዓሉ ዐፅም አልወጣም። የያዙት፣ የወሰዱት፣ የቀበሩት ሰዎች ነበሩ፤ የቆፈረው እጅ ቦታውን ያውቃል። ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ አበባ የሚያስቀምጥበት መቃብር የለውም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል አያቱ በየካቲት 12 ያለቁበት፣ አጎቷ ወይም አክስቷ በቀይ ሽብር ጠፍተው የቀሩባት፣ ወይም የአካባቢው ሽማግሌዎች «እዚያ ጋ ሰው ተቀብሯል» ሲሉ የሰማ አይጠፋም። በቀይ ሽብር ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመት የነበረው ዛሬ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጠፋውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ የጠፋበትን ቀን፣ ቀበሌውን፣ መጨረሻ ያየውን ሰው ጠይቁና ጻፉ፤ ካላችሁ ፎቶግራፉን ጨምሩበት። አንዱን ቅጂ ለቤተሰባችሁ አስቀምጡ፣ ሌላውን ለቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ወይም ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ስጡ። በቀባሪነት ወይም በጥበቃ የነበራችሁም ካላችሁ፣ ቦታውን ለቤተሰቡ ንገሩ።